ከጅማ ለዓለም አቀፍ የሕፃናት ስብሰባ፦ የመጀመሪያዎቹን ቀናት እንዴት ማለፍ ይቻላል?

«ልጄ ውጭ አገር ለስብሰባ ተመርጣለች፤ ምን ላዘጋጅላት?» ይህን ጥያቄ ከጅማ ወላጆች ደጋግሜ እሰማለሁ። ልጆቹ የሚጠይቁኝ ግን ሌላ ነው፦ «እዚያ ስደርስ መጀመሪያ ምንድነው የማደርገው?» ለሁለቱም መልስ እንዲሆን ይህን ጽፌያለሁ። የማናግረው እናንተን ተወካዮቹን ነው። ወላጆች አጠገባችሁ ሆነው ያንብቡት።

አንድ ነገር ከመጀመሪያው ልንገራችሁ። ልጆች እዚያ ሄደው ዝም የሚሉት ሐሳብ ስለሌላቸው አይደለም። እንግሊዝኛው ብቻም አይደለም ችግሩ። እንቅልፍ ያጣ፣ በደንብ ያልበላ፣ ሰዓት የተምታታበት፣ ለመጠየቅ ያፈረ ልጅ ዝም ይላል። ከታች ያሉት እርምጃዎች ሁሉ ተራችሁ ሲደርስ ለመናገር የሚበቃ ጉልበትና ድፍረት እንዲኖራችሁ ነው።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

በእጅ ቦርሳ፣ ከእናንተ የማይለዩ፦

- ፓስፖርት። ብዙ አገሮች ከጉዞው በኋላም ቢያንስ 6 ወር የሚያገለግል እንዲሆን ይጠይቃሉ።
- ቪዛ፣ የግብዣ ደብዳቤና የስብሰባው ፕሮግራም፣ በወረቀት ታትመው። ስልክ ባትሪ ሊጨርስ ይችላል።
- የወላጆች የፈቃድ ደብዳቤ፣ በሰነድ አረጋጋጭ የተረጋገጠና በእንግሊዝኛ የተተረጎመ። ከልደት የምስክር ወረቀት ቅጂ ጋር።
- ቢጫ ካርድ፣ ማለትም የቢጫ ወባ ክትባት ማስረጃ።
- የአድራሻ ካርድ። የማረፊያው ስምና አድራሻ፣ የአጃቢያችሁ ስልክ፣ የአዘጋጆቹ ስልክ፣ የወላጅ ስልክ ከ251 ጀምሮ፣ እዚያ አገር ያለው የኢትዮጵያ ኤምባሲ ስልክ።
- ቻርጀር፣ ፓወር ባንክ፣ የሶኬት አዳፕተር።
- እስክሪብቶ፣ ማስታወሻ ደብተር፣ ሹራብ፣ አንድ ቅያሪ ልብስ። ሻንጣ ቢዘገይ አንድ ቀን ያሳልፋችኋል።
- የምትወስዱት መድኃኒት ካለ በራሱ ማሸጊያ፣ ከሐኪም ማዘዣው ጋር።

በትልቁ ሻንጣ፦

- ተደራርቦ የሚለበስ ልብስ። ጅማ አየሯ መካከለኛ ስለሆነ እውነተኛ ብርድም ቃጠሎም አታውቁ ይሆናል፤ የምትሄዱበትን ከተማ የአየር ሁኔታ ቀድማችሁ እዩ።
- አንድ የአገር ልብስ።
- ቀድሞ የተለመደ ጫማ። አዲስ ጫማ ለስብሰባው ብላችሁ አትጀምሩ፤ ቀኑን ሙሉ ቆማችሁ ነው የምትውሉት።
- ዳቦ ቆሎ ወይም የታሸገ ብስኩት፣ ለመጀመሪያው ሌሊት።
- ለስጦታ፣ ተቆልቶ የታሸገ የጅማ ቡና በትንንሽ ጥቅል።

ከመነሳታችሁ በፊት

1. ስማችሁንና የልደት ቀናችሁን በሁሉም ወረቀት ላይ አንድ አድርጉ።

ፓስፖርቱ፣ ቲኬቱ፣ የግብዣ ደብዳቤውና የመመዝገቢያ ቅጹ ላይ ስማችሁ በእያንዳንዷ ፊደል አንድ ይሁን። በአንዲት ፊደል ልዩነት ኤርፖርት ላይ የሚቆም ሰው አለ።

የልደት ቀን ደግሞ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የሚሞላው። በመስከረም 2004 ዓ.ም. የተወለደ ልጅ በፈረንጆቹ በ2011 ነው የተወለደው። ቅጹ ላይ ዝም ብሎ 2004 ብሎ ከጻፈ 7 ዓመት ይጨመርበታል። ለልጆች በተዘጋጀ ስብሰባ ላይ አዋቂ ሆኖ ይመዘገባል ማለት ነው። የፈረንጁን ቀን በቃላችሁ ያዙት። ድንበር ላይ ሊጠይቋችሁ ይችላሉ።

2. ክትባቱንና ቪዛውን ለመጨረሻ ሳምንት አታስቀሩ።

ኢትዮጵያ የቢጫ ወባ ስጋት ካለባቸው አገሮች ውስጥ ስለምትቆጠር ብዙ አገሮች ቢጫ ካርድ ይጠይቁናል። ክትባቱ እንደ በቂ የሚቆጠረው ከተሰጠ 10 ቀን በኋላ ነው። በማግስቱ ለሚበር ሰው አይሆንም። የት እንደሚሰጥ ከጤና ጣቢያችሁ ጠይቁ።

ቪዛ ለማውጣት ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ አዲስ አበባ መሄድ ይኖራል። ለምሳሌ ለብዙ የአውሮፓ አገሮች ለሚያገለግለው የሸንገን ቪዛ 12 ዓመት የሞላው ልጅ አሻራ ስለሚሰጥ ራሱ መገኘት አለበት። ስለዚህ አንዱን ጉዞ ለቪዛ፣ ሌላውን ለበረራ አስቡ። የትምህርት ቤት ፈቃድም በዚያው ልክ ይጠየቅ።

3. የፈረንጅ ሰዓት ተለማመዱ።

ይህን ቀላል ነገር አድርጋችሁ አትዩት። እዚያ «ኤይት ኦክሎክ» ሲባል የእኛ ሁለት ሰዓት ጠዋት ነው። ልጅ ግን ስምንት ሰዓት ብሎ ይሰማና ከምሳ በኋላ መስሎት ይተኛል። መክፈቻው ያመልጠዋል። ፕሮግራሙ ላይ 14:00 ተብሎ ከተጻፈ የእኛ ስምንት ሰዓት ከቀትር በኋላ ነው። ከመሄዳችሁ ሁለት ሳምንት ቀድማችሁ የስልካችሁን ሰዓት ወደ 24 ሰዓት አቆጣጠር ቀይሩትና በዚያ ኑሩ። የስብሰባውን ፕሮግራም ስታትሙ ከእያንዳንዱ ሰዓት ጎን የእኛን በእጃችሁ ጻፉበት።

4. ንግግራችሁን በአፋችሁ ተለማመዱ።

አብዛኛውን ጊዜ የሚሰጣችሁ 2 ወይም 3 ደቂቃ ነው። መጀመሪያ በምታስቡበት ቋንቋ ጻፉት፤ አፋን ኦሮሞም ይሁን አማርኛ። ወደ እንግሊዝኛ የሚተረጎመው ከዚያ በኋላ ነው። በእንግሊዝኛ የተጀመረ ንግግር ብዙ ጊዜ ከሌላ ወረቀት የተቀዳ ይመስላል። ሦስት ነገር ብቻ ይኑረው፦ በሰፈራችሁ ወይም በትምህርት ቤታችሁ ያያችሁት፣ ለምን እንደሚሆን፣ ማን ምን እንዲያደርግ እንደምትጠይቁ። «በአፍሪካ ልጆች ይቸገራሉ» ከማለት «እኛ ትምህርት ቤት ውሃ ሲጠፋ ሴቶች ልጆች ይቀራሉ» ማለት ይሻላል፤ ያያችሁት ይህ ከሆነ። የሌላ ልጅ ችግር ስትናገሩ ግን ስሙንም፣ ሰፈሩንም፣ ማንነቱን የሚያሳውቅ ነገርም አትጥቀሱ። ያ ልጅ አዳራሹ ውስጥ የለም፤ ፈቃዱን አልሰጠም።

በተባበሩት መንግሥታት ስብሰባዎች ላይ ይፋዊ ቋንቋዎቹ 6 ናቸው፦ እንግሊዝኛ፣ ፈረንሳይኛ፣ ዓረብኛ፣ ስፓኒሽኛ፣ ሩሲያኛና ቻይንኛ። በራሳችሁ ቋንቋ መናገር ከፈለጋችሁ አዘጋጆቹን ቀድማችሁ ጠይቁ፤ ጽሑፉን ወይም አጃቢያችሁን ይዘው ማስተካከል ይችላሉ። በዕለቱ ከተጠየቀ ግን አይሆንም።

ድምፃችሁን ከፍ አድርጋችሁ፣ ቆማችሁ፣ ሰዓት ይዛችሁ አንብቡ። አስተርጓሚው የሚከተላችሁ በዝግታ ከተናገራችሁ ብቻ ነው።

5. አዲስ አበባ ቢያንስ አንድ ቀን ቀድማችሁ ግቡ።

ጅማ ከአዲስ አበባ 350 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በመኪና ቀኑን ይወስዳል፤ በክረምት ደግሞ መንገዱም በረራውም ሊዘገይ ይችላል። ከጅማ ደርሳችሁ በዚያው ቀን ማታ ወደ ውጭ ለመብረር አታቅዱ። ቦሌ ከበረራው 3 ሰዓት ቀድማችሁ ተገኙ።

ጉዞው

6. ሻንጣችሁን ራሳችሁ እሰሩ።

በውስጡ ምን እንዳለ ስትጠየቁ የምትመልሱት እናንተ ናችሁ። በእጅ ቦርሳ የሚያዝ ፈሳሽ እያንዳንዱ ከ100 ሚሊ ሊትር አይበልጥም። ማር፣ ቅቤ፣ ሎሽንና የጥርስ ሳሙና እንደ ፈሳሽ ይቆጠራሉ። ፓወር ባንክ ግን ተቃራኒው ነው፤ በእጅ ቦርሳ ብቻ። ባትሪው እሳት ቢያነሳ ሰው በሚያየው ቦታ መሆን ስላለበት ነው።

ቋንጣ፣ ቅቤና አይብ ወደ አውሮፓ ይዞ መግባት ክልክል ነው። ማርም ብዙ አገር ያስቸግራል። የጅማ ማር ለስጦታ እንደሚያምር አውቃለሁ፤ ግን ፍተሻ ላይ ሲጣል ማየት ያሳዝናል። የተቆላ ቡና ከጥሬው ይሻላል፤ ጥሬ ፍሬ እንደ ተክል ስለሚታይ አንዳንድ አገር ያግዱታል። ቅጽ ላይ «ምግብ ይዘሃል?» ከተባላችሁ ያላችሁን ሁሉ ተናገሩ። ያሳወቀ ሰው ቢበዛ ዕቃው ይቀርበታል፤ የደበቀ ግን ይቀጣል።

ማስጠንቀቂያ፦ ጫት በፍጹም። እኛ አካባቢ ገበያ ላይ የሚሸጥ ቅጠል ስለሆነ ቀላል ይመስላል። አሜሪካ፣ እንግሊዝና ሌሎች ብዙ አገሮች ግን እንደ አደንዛዥ ዕፅ ነው የሚያዩት። የዘመድ ጓደኛ «ይህችን ትንሽ ዕቃ አድርስልኝ» ካለ፣ ታሽጎ የመጣ ነገር አትቀበሉ። እናቴ አይሆንም ብላኛለች በሉ። ወላጆች፣ ይህን «አይ» ማለት የእናንተ ሥራ ነው፤ በልጁ ላይ አትጣሉት።

7. አውሮፕላኑ ላይ ሰዓታችሁን ቀይሩ።

ገና ስትቀመጡ ስልካችሁን በምትሄዱበት አገር ሰዓት አድርጉ። እዚያ ሌሊት ከሆነ ለመተኛት ሞክሩ። ውሃ ጠጡ፤ የአውሮፕላን አየር ደረቅ ነው። ሲወርድ ጆሮ ይደፈናል፤ ማስቲካ ማኘክ፣ ምራቅ መዋጥ ወይም ማዛጋት ይከፍተዋል። ጉንፋን ካለባችሁ ሕመሙ ስለሚበረታ ለአጃቢያችሁ ቀድማችሁ ተናገሩ።

8. ስትደርሱ ተረጋጉ፣ ከአጃቢያችሁ አትለዩ።

ቅደም ተከተሉ ይህ ነው፦ ኢሚግሬሽን፣ ሻንጣ፣ ጉምሩክ፣ መውጫ። ኢሚግሬሽን ላይ የሚጠየቁት ጥያቄዎች ጥቂት ናቸው፦ ለምን መጣችሁ? ስንት ቀን ትቆያላችሁ? የት ታርፋላችሁ? ከማን ጋር ናችሁ? የግብዣ ደብዳቤውን በእጃችሁ ያዙ። አጭርና እውነተኛ መልስ ስጡ። አልገባችሁ ከሆነ «ይድገሙልኝ» በሉ። ሳይገባችሁ «የስ» አትበሉ፤ ነገሩ የሚወሳሰበው በዚህ ነው።

መውጫው ላይ የስብሰባው ስም የተጻፈበት ወረቀት የያዘ ሰው ይጠብቃችኋል። ካልመጣ እዚያው ቆማችሁ ደውሉ። ሌላ «እኔ ላድርሳችሁ» የሚል ሰው፣ አበሻም ቢሆን፣ አትከተሉ። የኤርፖርቱ ዋይፋይ ላይ ሳላችሁ ለቤተሰብ «ደርሻለሁ» ብላችሁ በቴሌግራም ላኩ። የስልካችሁን የውጭ አገር ዳታ ግን አጥፉት፤ ሂሳቡ ውድ ነው።

የመጀመሪያው ቀን

9. ክፍላችሁን አጥኑ።

የእሳት መውጫው የት ነው? የበር ካርዱ እንዴት ይሠራል? ብዙ ማረፊያ ቤት ካርዱ ግድግዳው ላይ ካልተሰካ መብራት የለም። ሙቅ ውሃውን ገላችሁን ከመታጠባችሁ በፊት በእጃችሁ ሞክሩ። ከትንሿ ፍሪጅ የሚወጣ ነገር ሁሉ ይከፈልበታል። ቻርጀራችሁ ላይ 100-240 የሚል ካለ የትም አገር ይሠራል፤ የሚለየው የሶኬቱ ቅርጽ ነው። የእኛ ባለ ሁለት ክብ እግር ሶኬት በአብዛኛው አውሮፓ ይገባል። ኬንያና እንግሊዝ ግን ሦስት ጠፍጣፋ እግር፣ አሜሪካ ሁለት ጠፍጣፋ እግር ነው።

10. ቀን አትተኙ።

ናይሮቢ ከሆነ ሰዓቱ ከእኛ ጋር አንድ ነው። ጄኔቫ በወቅቱ 1 ወይም 2 ሰዓት ወደ ኋላ ነው። ባንኮክ 4 ሰዓት ወደ ፊት፣ ኒውዮርክ 7 ወይም 8 ሰዓት ወደ ኋላ። ሰውነት በቀን አንድ ሰዓት ያህል ነው የሚያስተካክለው። ስለዚህ ከሰዓት በኋላ ዓይናችሁ ቢከደንም ውጡና በፀሐይ ብርሃን ተራመዱ። ሰውነት ሰዓቱን የሚያውቀው በብርሃን ነው። ካልቻላችሁ ግማሽ ሰዓት ብቻ፣ አላርም ሞልታችሁ። ሦስት ሰዓት የተኛ ልጅ ሌሊቱን አፍጥጦ ያድርና መክፈቻው ላይ ያንቀላፋል።

11. ብሉ። አንዴ ስትጠየቁ እሺ በሉ።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ልጆቻችንን የሚጎዳቸው ይህ ነው።

እኛ ቤት እንግዳ «ብላ» ሲባል መጀመሪያ «በቃኝ» ይላል። ባለቤቱ ይለምናል፣ በሞቴ ይላል፣ ያጎርሳል። በመጨረሻ ይበላል። ልጆቻችን በዚህ ይሉኝታ ነው ያደጉት፤ ጥሩ አስተዳደግ ነው። እዚያ ግን ሰው አንዴ ይጠይቃል። «ኖ፣ ታንክ ዩ» ካላችሁ አመስግኖ ሳህኑን ይዞ ያልፋል። ክፋት አይደለም፤ ቃላችሁን አክብሮ ነው። ራቡ ግን ከእናንተ ጋር ያድራል። ስለዚህ የምትፈልጉ ከሆነ በመጀመሪያው ጥያቄ «የስ፣ ፕሊስ» በሉ። ራሳችሁ የምታነሡበት ገበታ ከሆነ ማንም «ጨምሩ» ብሎ አይለምናችሁም። ተነሡ፣ ትንሽ አንሡ፣ ቅመሱ፣ ከወደዳችሁት ድገሙ።

ጿሚ ከሆናችሁ የምትሉት «ቪጋን» ነው፤ ሥጋ፣ ወተትም እንቁላልም የለበትም ማለት ነው። «ቬጂቴሪያን» ካላችሁ አይብና እንቁላል ሊመጣ ይችላል። ሙስሊም ከሆናችሁ «ሐላል» ብላችሁ መመዝገቢያ ቅጹ ላይ አስቀድማችሁ ሙሉ። በዕለቱ ጥርጣሬ ካለ «ፖርክ (የአሳማ ሥጋ) አለው?» ብላችሁ ጠይቁ፤ መጠየቅ ነውር አይደለም። ለሶላት የሚሆን ክፍል ካስፈለጋችሁም አዘጋጆቹን ጠይቁ፤ የቂብላው አቅጣጫ ከጅማው ስለሚለይ በስልክ አረጋግጡ።

ሁለተኛው ቀንና ስብሰባው

12. ስትመዘገቡ ባጃችሁን አንብቡ።

የእኛ ስም የቤተሰብ ስም ስለሌለው ብዙ ጊዜ ባጁ ላይ የአባት ወይም የአያት ስም ጎልቶ ይወጣል። ቀኑን ሙሉ በአያታችሁ ስም ሲጠሯችሁ ሳትሰሙ ታልፋላችሁ፤ የመናገር ተራም እንዲሁ ያልፋል። እዚያው እንዲያስተካክሉት ጠይቁ።

በዚያው ሰዓት ስለ ፎቶ ይጠይቋችኋል። ፎቶ መነሳት ካልፈለጋችሁ «አልፈልግም» ማለት መብታችሁ ነው። የሕፃናት ጥበቃ ተጠሪው ማን እንደሆነም ጠይቁና መልኩን እወቁት። የሚያስጨንቅ ነገር ቢገጥማችሁ የምትሄዱት ወደ እሱ ነው።

13. ማይኩንና ሄድፎኑን ቀድማችሁ ሞክሩ።

ከመጀመሩ 15 ደቂቃ ቀድማችሁ ግቡ። ሄድፎኑ ላይ ቻናሉን እያዟዟራችሁ እንግሊዝኛውን አግኙ። ማይኩ ላይ ቁልፉን ስትጫኑ ብዙ ጊዜ ቀይ መብራት ይበራል፤ ያኔ ሁሉም ይሰማችኋል። ጨርሳችሁ አጥፉት። ሳይጠፋ የተንሾካሾኩት ነገር በአዳራሹ ሙሉ ይሰማል። ስትናገሩ ሄድፎኑን አውልቁ፤ የራሳችሁ ድምፅ ወይም ትርጉሙ እየተመለሰ ያደናግራችኋል።

በመጀመሪያው ውይይት አንድ አጭር ነገር ተናገሩ። ጥያቄም ይሁን «ከእሷ ጋር እስማማለሁ፤ እኛም ጋ እንዲህ ነው» ማለትም ይሁን። መጀመሪያ ቀን ዝም ያለ ልጅ በሁለተኛው ቀን መጀመር ይበልጥ ይከብደዋል።

14. ሰው ስታናግሩ ዓይኑን እዩት።

እኛ ጋ ትልቅ ሰው ሲያናግር አንገት መስበር አክብሮት ነው። እዚያ ብዙ ሰው «ፈርቷል» ወይም «የሚደብቀው ነገር አለ» ብሎ ይተረጉመዋል። አፍጥጡ አይደለም፤ ቀና ብላችሁ እዩ። ትንፋሽ ወደ ውስጥ ስበን «እህ» የምንለውን እሺታም አያውቁትም። የደነገጣችሁ ወይም ያመማችሁ ይመስላቸዋል። «የስ» በሉ። ትልልቅ ሰዎች በስማችን ጥሩን ካሏችሁም ጥሩ፤ ጋሼ እና እትዬ ሳትሉ መጥራት መጀመሪያ ይከብዳል፣ ግን ድፍረት አይደለም።

በእረፍት ሰዓት የአገራችሁ ልጆች ጋ ብቻ አትሰብሰቡ። የሌላ አገር ልጅ ጋ ሄዳችሁ ስሙን ጠይቁ፤ «አገራችሁ ትምህርት ስንት ሰዓት ይጀመራል?» በቂ ጨዋታ ነው።

ማስጠንቀቂያዎች

- ብቻችሁን ከማረፊያው አትውጡ። ከወጣችሁም የአድራሻ ካርዱ ኪሳችሁ ውስጥ ይሁን።
- አዋቂ ሰው ብቻውን ክፍሉ ቢጠራችሁ፣ አዘጋጅም ቢሆን፣ አትግቡ። ለአጃቢያችሁ ተናገሩ። «በሚስጥር ያዘው» ከተባላችሁ ደግሞ ወዲያው ተናገሩ።
- ፓስፖርታችሁን ለአጃቢያችሁ ወይም ለማረፊያው ካዝና እንጂ ለማንም አትስጡ። ፎቶውን ሶሻል ሚዲያ ላይ አትለጥፉ።
- የአደጋ ጊዜ ስልክ በአውሮፓ ኅብረት አገሮች 112፣ በአሜሪካ 911 ነው። ሌላ አገር ከሆነ ካርዳችሁ ላይ ጻፉት።

ብዙ ጊዜ የሚታዩ ስህተቶች

- ንግግሩን በቃል ሸምድዶ መሄድ። አንድ ቃል ሲረሳ ሁሉም ይጠፋል። ወረቀት ይዞ ማንበብ አያሳፍርም።
- ሕመምን መደበቅ። «ጉዞዬ ይበላሻል» ብሎ የሆድ ሕመሙን የሸሸገ ልጅ የሚብስበት ሌሊት ላይ ነው።
- በመጀመሪያው ቀን የኪስ ገንዘብን መጨረስ። በየቀኑ ከፋፍላችሁ በተለያየ ፖስታ አድርጉ።
- ሌሊቱን ሙሉ ቴሌግራም ላይ ማደር። ጅማ ያሉ ጓደኞቻችሁ ሲነሡ እናንተ መተኛት ያለባችሁ ሰዓት ሊሆን ይችላል።

ለወላጆች

ናፍቆት አብዛኛውን ጊዜ የሚበረታው ማታ ነው። በቀን አንዴ፣ በታወቀ ሰዓት ይደዋወሉ፤ ከመኝታ ትንሽ ቀደም ብሎ እንጂ ልጁ አልጋ ላይ ሆኖ አይሁን። ሰዓቱን በሁለቱም አገር አቆጣጠር ጽፋችሁ ግድግዳ ላይ ለጥፉ። ልጁ ቢያለቅስ «በቃ ና» አትበሉት፤ አብራችሁም አታልቅሱ። ምን እንደበላ፣ ማንን እንደተዋወቀ፣ ነገ ምን እንዳለ ጠይቁት። ቤት ውስጥ የታመመ ሰው ወይም ሌላ የሚያስጨንቅ ነገር ካለ መጀመሪያ ለአጃቢው ደውሉ። አጃቢው አጠገቡ ስላለ መቼና እንዴት እንደሚነገረው አብራችሁ መወሰን ትችላላችሁ።